ኬኩን ሳትተዉ 10 ኪሎ ሜትር፦ ከፍልሰታ ፍቺ እስከ ታላቁ ሩጫ የሚሆን የ12 ሳምንት መመሪያ

ብዙ ሰው ጂም የሚጀምረው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ሰኞ ይመዘገባል። በዚያው ቀን ስኳር ያቆማል፣ ዳቦ ያቆማል፣ ማኪያቶ ያቆማል፣ በሳምንት ስድስት ቀን ላብ በላብ ይሆናል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጉልበቱን ያመዋል። ቀጥሎ የሰው ልደት ይመጣል፣ ኬክ ይቆረጣል፣ "አንዴ ከበላሁ ወዲያ ምን ዋጋ አለው" ይልና ጂሙንም ሩጫውንም አብሮ ይተዋል። ሰውየው ሰነፍ ሆኖ አይመስለኝም። እቅዱ ልደት፣ በዓልና ጓደኛ ላለው ሰው አልተሠራም።

ይሄ መመሪያ ህዳር ላይ የታላቁ ሩጫን 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ መጨረስ ለሚፈልግ፣ የጂም ክላስ ደስ ለሚለው፣ ቅዳሜ ኬክ ቤት መቀመጥንም መተው ለማይፈልግ ሰው ነው። ሦስቱ አብረው ይሄዳሉ። ለእያንዳንዱ ቦታና ቀን መስጠት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

1. ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ታላቁ ሩጫ ህዳር 1994 ዓ.ም ላይ 10 ሺህ ሰው ይዞ ተጀመረ። የመጀመሪያውን ያሸነፈው ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ ነው። አሁን ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይሳተፍበታል፣ ርቀቱ ግን ያው 10 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙውን ጊዜ ህዳር ውስጥ አንድ እሁድ ላይ ይውላል። ከዚያ 12 ሳምንት ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ያለው የነሐሴ መጨረሻ ላይ ትደርሳላችሁ። ለመጀመር ጥሩ ጊዜ ነው። ጾሙ አልቋል፣ ዝናቡም ሊቀንስ ነው።

መሀል ላይ እንቁጣጣሽና መስቀል አሉ። ከአሁኑ ካላንደራችሁ ላይ ምልክት አድርጉባቸው። ሁለቱም የእረፍት ቀን ናቸው፣ ዶሮ ወጡን በሰላም ብሉ። እቅዱ ውስጥ ቀድመው ከገቡ እቅዱን ሊያፈርሱት አይችሉም። የውድድሩን ቲሸርት (መመዝገቢያው እሱ ነው) ደግሞ ሽያጩ እንደጀመረ ግዙት፣ ቶሎ ነው የሚያልቀው።

አንድ ነገር ሳትዘሉ፦ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ችግር ያለባችሁ፣ ወይም ደረጃ ስትወጡ ደረታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ፣ ከጂም በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ። ሌላው ሰው 30 ደቂቃ ሳያቋርጥ ፈጠን ብሎ መራመድ ከቻለ ዝግጁ ነው። ካልቻለ ሁለት ሳምንት በእግር ይሂድና ከዚያ ይጀምር።

2. ጫማ፣ ቦታ፣ ሰዓት

ለልብስ አትጨነቁ፣ የቆየ ቱታ ይበቃል። ገንዘባችሁን ጫማ ላይ አውሉ። አዲሱ ውድ ስለሆነ ብዙዎቻችን ሰልባጅ እንገዛለን፣ ነውር የለውም፣ ግን አያያዙን እወቁ። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ በኩል ዓይናችሁን ከተረከዙ ትይዩ አድርጋችሁ እዩት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ተዉት፣ የቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ በውስጡ ቀርቷል ማለት ነው። ቀጥሎ መሀሉ ላይ ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣት ተጫኑት። ትንሽ ገባ ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ነው፣ ድርቅ ካለ ወይም ጎኑ ላይ የተጨማደደ መስመር ከሞላ ስፖንጁ ሞቷል። አንድ የሩጫ ጫማ በአማካይ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይሠራል፣ ያገለገለ ስትገዙ የቀረውን ነው የምትገዙት። ጣቶቻችሁ ፊት ለፊት የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ክፍተት ይኑር፣ አለበለዚያ ቁልቁለት ላይ ጥፍራችሁ ይጠቁራል።

ቦታ አዲስ አበባ ላይ አይጠፋም። ጃን ሜዳ ሣር ስለሆነ ለጉልበት ምቹ ነው፣ ክረምት ላይ ግን ይጨቀያል። መስቀል አደባባይ ንጋት ላይ ብቻችሁን አትሆኑም፣ ደረጃዎቹ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሮጥ ሰው ሞልቷል። የኮሪደር ልማቱ ያሰፋቸው የእግረኛ መንገዶችም ለሶምሶማ ይሆናሉ። እንጦጦን ለኋላ አቆዩት፣ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

ሰዓቱ ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ የመኪናው ጭስ ይጀምራል። ጨለማ ላይ ግን ብቻችሁን አትውጡ፣ በተለይ ሴቶች። ውሻም አለ፣ ሌላም ነገር አለ። ሁለት ሦስት ሆኖ መሮጥ ከደህንነቱ ሌላ አንድ ጥቅም አለው፦ ሰው ቆሞ እየጠበቃችሁ እንደሆነ ካወቃችሁ ከብርድ ልብስ ትወጣላችሁ።

3. ሳምንቱን አደላድሉ

ሦስት ሩጫ፣ ሁለት ክላስ፣ ሁለት እረፍት። ከዚህ አትለፉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ነው፣ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ደግሞ ሁለት ቀን። ይሄ ሳምንት ደቂቃውን ይሸፍናል፣ የጡንቻውን ሁለት ቀን ደግሞ ሁለቱም ክላስ ጡንቻ የሚያሠሩ ከሆኑ።

እኔ የምመክረው አቀማመጥ እንዲህ ነው። ሰኞ ማታ የጥንካሬ ክላስ። ማክሰኞ ጠዋት ቀላል ሶምሶማ። ረቡዕ እረፍት። ሐሙስ አጭር ግን ፈጠን ያለ ሩጫ ወይም ዳገት። ዓርብ ማታ ቀለል ያለ ክላስ፣ ዮጋ ወይም ሰውነት ማፍታቻ። ቅዳሜ ጠዋት ረጅሙ ሩጫ። እሁድ እረፍት። ረጅሙን ቅዳሜ ያደረግኩት እሁድ ጠዋት ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄድ ነው። የሥራ ፀባያችሁ ካልፈቀደ ቀናቱን አዘዋውሩ፣ አንድ ሕግ ግን ጠብቁ፦ ሁለት ከባድ ቀን አይከታተሉ። ዓርብ ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ እየዘለላችሁ ቅዳሜ ጠዋት 9 ኪሎ ሜትር ብትወጡ እግራችሁ ያልፋል፣ ግን ባታችሁ ላይ ወይም ጉልበታችሁ ላይ በኋላ ይጠይቃችኋል።

4. ክላሱን ስትመርጡ

ከተማችን ውስጥ ኤሮቢክስ፣ ታይቦ፣ ዙምባ፣ ስፒኒንግ፣ ሰርኪዩት ሁሉም አለ። ሁሉም ደስ ይላል፣ ግን ሁሉም አንድ ሥራ አይሠራም። ስፒኒንግና ዙምባ ልብና ሳንባን ነው የሚያሠሩት፣ እሱን ሩጫውም ይሰጣችኋል። ሩጫ የማይሰጣችሁ የመቀመጫ፣ የጭን፣ የሆድና የጀርባ ጥንካሬ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ክላስ አንዱ የግድ ክብደት ወይም የራስን ሰውነት እያነሱ የሚሠሩበት ይሁን። ሌላውን በፍላጎታችሁ ምረጡት። ዙምባ ፈታ የሚያደርጋችሁ ከሆነ ዙምባ ግቡ፣ ዓርብን ቀላል ለማድረግ ብቻ መዝለሉን ቀንሱት።

ሳትከፍሉ በፊት አንድ ቀን በሙከራ ግቡና አሰልጣኙን እዩት። ሙዚቃውን አትስሙ፣ አሰልጣኙን ነው የምታዩት። ክፍሉ ውስጥ ይዞራል? የሰው ጉልበት ያስተካክላል? ወይስ ፊት ለፊት መስታወቱን እያየ የራሱን ይሠራል? 11 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሉ ጢም ብሎ አርባ ሰው በአንድ አሰልጣኝ የሚዘልበት ቦታ ከሆነ ጀማሪ ሰው ስህተቱን የሚነግረው አያገኝም። ሰው የሚቀንስበትን ሰዓት ጠይቁ። ጎን ላይ፣ መስታወት የሚታያችሁ ቦታ ላይ ቁሙ።

ስኳት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለሯጭ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመውም፣ ከሁሉም በላይ ተበላሽቶ የሚሠራውም እሱ ነው። እግራችሁን በትከሻ ስፋት ክፈቱ። ወንበር ላይ ልትቀመጡ እንደሆነ መጀመሪያ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ላኩ፣ ከዚያ ጉልበታችሁ ይታጠፍ። ወደ ታች ስትወርዱ ጉልበታችሁን ተመልከቱ። ወደ ውስጥ እየገባ እርስ በርሱ ሊነካካ ከደረሰ እዚያው አቁሙ፣ ክብደቱን አስቀምጡና ባዶ እጃችሁን ሥሩት። ሯጭ ጉልበቱን ሲያመው አንዱ የተለመደ ምክንያት የዳሌ ጡንቻ ደካማ ሆኖ እግር በወረደ ቁጥር ጉልበት ወደ ውስጥ መውደቁ ነው። ተረከዛችሁ ከመሬት አይነሳ። ከዚህ ሌላ በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፣ ወደፊት ተራምዶ መንበርከክ፦ እነዚህ አራቱ ካሉ ክላሱ ለሩጫችሁ ይሠራል።

አሁን ደግሞ ስለ ላብ። ሆዱ ላይ ፌስታል ጠቅልሎ፣ በላዩ ሁለት ቱታ ደርቦ የሚሮጥ ሰው ሁላችሁም አይታችኋል። ከጂም በኋላ ስቲም ውስጥ አርባ ደቂቃ የሚቀመጥም አለ። ሚዛን ላይ ሲወጡ አንድ ኪሎ ቀንሶ ያሳያል። የቀነሰው ውሃ ነው፣ ስትጠጡ ይመለሳል። ስብ በላብ አይወጣም። ደክሞት በደረቀ ሰውነት ስቲም ውስጥ የሚቆይ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል፣ እና እባካችሁ ይሄን ነገር ተዉት። ስቲም የምትወዱ ከሆነ መጀመሪያ ውሃ ጠጡ፣ አሥር ደቂቃ በቂ ነው።

5. ቀስ ብላችሁ ሩጡ

የጀማሪ ሩጫ የሚበላሸው በፍጥነት ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በእኛ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ላይ ካለ ሰው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ የሚነግራችሁን ፍጥነት ከውጭ አገር ሰው ጋር አታወዳድሩ። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለታላቁ ሩጫ የምትመጡ ዘመዶቻችንም እንደዚሁ፦ እዚያ 10 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት የምትጨርሱ ከሆነ እዚህ ተጨማሪ ደቂቃዎች ፍቀዱ፣ ከተቻለ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግቡ።

ፍጥነታችሁን የምትለኩት በወሬ ነው። እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። ሁለት ሁለት ቃል ብቻ የሚወጣችሁ ከሆነ ቀንሱ፣ ካስፈለገ ተራመዱ። ከሦስቱ ሩጫ ሁለቱ እንዲህ ናቸው። ይሄ ለደካማ ሰው የተሰጠ ምክር እንዳይመስላችሁ። እንጦጦ ባህር ዛፉ ውስጥ ወይም ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጠዋት ሄዳችሁ አትሌቶቻችንን እዩ። ቀላል ቀናቸው ላይ አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ በሰልፍ ይከተሉታል፣ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ ዱብ ዱብ ይላሉ፣ ፍጥነቱ የሚገርም ዝግ ያለ ነው። አስፓልት ላይ በየቀኑ አይወጡም። ጫካ፣ ሣር፣ ኮሮኮንች እያፈራረቁ እግራቸውን ይጠብቃሉ። ዓለምን የሚያሸንፍ ሰው ቀስ የሚልበት ቀን ካለው እኛም ይኑረን።

የ12ቱ ሳምንት አካሄድ ይሄ ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ሳምንት፦ ሦስት ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቃችሁ 25 ደቂቃ፣ ቅዳሜ 35። ሐሙስም ቀላል ይሁን፣ ፈጣን ነገር አይግባ። 4ኛ ሳምንት ሁሉንም ቀነስ አድርጉ። ከ5ኛ እስከ 8ኛ፦ እርምጃውን እየቀነሳችሁ ቅዳሜን ከ5 ወደ 8 ኪሎ ሜትር አሳድጉት፣ መስቀል ያለበትን ሳምንት አሳንሱት። አሁን ሐሙስ ላይ ዳገት ይግባ፦ አንድ ደቂቃ የሚወስድ ዳገት ፈልጉ፣ ጠንከር ብላችሁ ውጡ፣ በእርምጃ ውረዱ፣ በአራት ጀምራችሁ ስምንት ድረስ። ከ9ኛ እስከ 11ኛ፦ ቅዳሜ 9፣ 10፣ 11 ኪሎ ሜትር። እንጦጦ መሄድ የምትችሉት አሁን ነው፣ እሱም ለቀላል ሩጫ፣ በጓደኛ። 12ኛው ሳምንት የውድድሩ ነው።

ባት ሲጠብቅ፣ ጡንቻ ሲደክም ያለ ነው። አጥንት ላይ አንድ ነጥብ ነጥሎ ሲያም፣ ወይም ሕመሙ አረጋገጣችሁን ሲቀይር ግን ሩጫውን አቁሙ፣ ክላሱን በብስክሌት ቀይሩ፣ በሳምንት ካልተሻለ ሐኪም ጋ ታዩ።

6. ኬኩ

ወደምወደው ጉዳይ መጣን።

መጀመሪያ ሒሳቡን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ለምን እንዳታሰሉት እነግራችኋለሁ። ሩጫ በግምት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በኪሎ ሜትር አንድ ካሎሪ ያቃጥላል። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 8 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 520 ገደማ ነው። አንድ ቁራጭ ክሬም ያለው ኬክ 400 ሊሆን ይችላል። እና ሰው ወዲያው "ሮጬ ልብላው" ወይም "በልቻለሁ፣ ልሩጠው" ይላል። ይሄ አስተሳሰብ ሁለቱንም ያበላሻል። ሩጫው ቅጣት ይሆናል፣ ኬኩ ደግሞ ዕዳ። ታሞ ሳይሮጥ የቀረ ሰው ምሳውን መዝለል ይጀምራል። ኬክ የበላ ሰው በማግስቱ በታመመ ጉልበት ይወጣል።

ስለዚህ ኬኩን ከሩጫው ለዩት። ቀን ስጡት። ቅዳሜ ከሰዓት 10 ሰዓት ከጓደኛ ጋር አንድ ምልፎይ፣ ወይም ቦምቦሊኖ በማኪያቶ፣ ሮጣችሁም ሳትሮጡም። በሳምንቱ መሀል አንድ ተጨማሪ ጊዜ ይኑራችሁ፣ እሱ ለልደት፣ ለምርቃት፣ ሰው ቤት ለሚቀርብ ነገር ነው። ሁለት ጊዜ። ይሄን ያህል የሚበላ፣ የሚሮጥና ሌላውን ምግቡን የሚያውቅ ሰው ስለ ኬክ መሳቀቅ የለበትም።

አበላሉም ላይ ልናገር። የእውነት የምትወዱትን ምረጡ። ምልፎይ የምትወዱ ከሆነ ትኩስ የሚያወጡበትን ሰዓት ጠይቁ፣ ሽፋኑ ገና ሲሰበር ድምፅ የሚሰጥበትን፣ ክሬሙ ንብርብሩን ሳያረጥበው። ስልኩን ገልብጡት፣ ተቀመጡና ቀስ ብላችሁ ብሉት። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣችሁ የምትጨርሱት የደረቀ ብስኩት ያው ስኳር ነው፣ ደስታው ግን የለም። እሱን ነው መተው።

እውነተኛው ስኳር ደግሞ ብዙ ጊዜ ኬኩ ውስጥ አይደለም ያለው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው። በቀን ሁለት የሚጠጣ ሰው በሳምንት ከ400 ግራም በላይ ስኳር ይጠጣል፣ ምንም ሳያጣጥመው፣ ከምሳ ጋር እያወረደው። ማኪያቶ ላይ ሦስት ማንኪያ የምትጨምሩ ከሆነ በቀን ሁለቴ ሲሆን 24 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢቻል ከ25 ግራም ባይበልጥ ይላል። ማኪያቶውን አትተዉ። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፣ አንድ ላይ ስትደርሱ የወተቱንና የቡናውን ጣዕም ታገኙታላችሁ። ለስላሳውን በአምቦ ውሃ ቀይሩት። ጁስ ቤት ስፕሪስ ስታዙ "ስኳር እንዳይገባ" በሉ፣ ማንጎው ራሱ ይበቃዋል። ዘይትም እንዲሁ ነው፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው፣ ወጥ ላይ የሚንሳፈፈውን ቀነስ ማድረግ በዓመት ውስጥ ከኬክ መተው የበለጠ ይሠራል።

ተቃራኒውንም አደጋ ልብ በሉ፣ ስለሱ ብዙ አይወራም። እየሮጡ፣ ክላስ እየገቡ፣ ምግብ በጣም የሚቀንሱ ሰዎች አሉ፣ በተለይ ሴቶች። ሰውነት ሲጎድልበት ቆጥቦ መኖር ይጀምራል። ወር አበባ ይዛባል ወይም ይቀራል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ እንቅልፍ ይረበሻል፣ ጉዳት ይደጋገማል፣ አጥንት ይሳሳል። ወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ እርግዝና ባይሆንም ሐኪም ጋ የሚያስኬድ ነው፣ "ስፖርት ስለምሠራ ነው" ተብሎ አይታለፍም። ለእህቶቻችሁ ንገሩ።

7. የሩጫ ቀን ምግብ

ለቀላል ሩጫ ልዩ ምግብ አያስፈልግም፣ ግማሽ ሙዝና ውሃ ይበቃል። ቅዳሜ ረጅሙ ሩጫ ላይ ግን ባዶ ሆድ አትውጡ። ማታውን እንጀራ፣ ፓስታ ወይም ሩዝ ብሉ። ጠዋት ከመውጣታችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ዳቦ በማር፣ ወይም በሶ። በሶ ለሩጫ የተሠራ ነው የሚመስለው፦ ሦስት አራት ማንኪያ የገብስ በሶ፣ ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው፣ በደንብ በጥብጡት። ሆድ ይይዛል፣ አይከብድም። ቡና የለመዳችሁ ጠጡ፣ ግን ከመውጣታችሁ በፊት ሽንት ቤት የመሄጃ ጊዜ ይኑራችሁ።

ስትመለሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብሉ። እንቁላል ፍርፍር በዳቦ፣ ጨጨብሳ በማር ከእርጎ ጋር፣ ወይም ፉል። ቁርስ ዘልሎ 10 ሰዓት ላይ ኬክ ቤት የሚደርስ ሰው አንድ ቁራጭ አይበቃውም፣ ጠግቦ የሄደ ግን አንዱን አጣጥሞ ይነሳል።

8. የጾም ቀን

ረቡዕን እረፍት፣ ዓርብን ቀላል ያደረግኩት ለዚህም ነው። እስከ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ እንቅስቃሴውን ጾሙ ሊፈታ ሲል ወይም ከተፈታ በኋላ አድርጉት። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ስለሌለ ጥራጥሬው ወፈር ይበል፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ባቄላ። አንድ ጭልፋ ሽሮ ለሦስት እንጀራ ከማብቃቃት ሁለት ጭልፋ ለአንድ እንጀራ ይሻላል። ተልባ፣ ሱፍ፣ ለውዝና አቮካዶ ጨምሩ። የጾም ኬክም በየኬክ ቤቱ አለ፣ ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ እሱ ይሆናል። ረመዳን ላይ የምትለማመዱ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ከኢፍጣር በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቀላል ሶምሶማ ይበቃችኋል፣ ጠንካራውን ከተራዊህ በኋላ አድርጉት፣ ቴምርና ውሃ ቀድሞ ይግባ።

9. የመጨረሻው ሳምንት

ሰኞ ክላስ ግቡ፣ ግን ክብደቱን በግማሽ ቀንሱ። ማክሰኞ 25 ደቂቃ፣ ሐሙስ 20 ደቂቃ ቀላል። ዓርብና ቅዳሜ ምንም። ያልሮጣችሁትን በዚህ ሳምንት ልታካክሱ አትሞክሩ። ውድድሩ እሁድ ስለሆነ የቅዳሜው ኬክ በቦታው ይቆያል፣ ያልሞከራችሁትን አዲስ ምግብ ግን አትንኩ፣ ጥሬ ክትፎንም ለማግስቱ አቆዩት።

እሁድ ጠዋት የተለመደውን በሶ ወይም ዳቦ ብሉ። መስቀል አደባባይ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ መንገዱ ይዘጋል። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል፣ በሰው መሀል እየተሹለከለኩ ለማለፍ መሞከር እግርን ማቃጠል ነው። ተደሰቱበት፣ ከሕዝቡ ጋር ሂዱ፣ ትንፋሻችሁን ጠብቁ። ዳገት ላይ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ዓይናችሁ ከፊታችሁ ጥቂት ሜትር ላይ ይሁን። ውሃ በየጣቢያው ትንሽ ትንሽ ጠጡ። 7ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አሁንም ማውራት ከቻላችሁ፣ ያኔ ፍጠኑ።

ከጨረሳችሁ በኋላ አትቀመጡ፣ አሥር ደቂቃ ተራመዱ፣ ላብ ያጠጣውን ቲሸርት ቀይሩ፣ ከዚያ ያማራችሁን ብሉ። ህዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ውድድሩ አንዳንዴ ከቅበላ ጋር ይገጥማል፣ ክትፎው ያለው እዚያ ነው። ሦስት ቀን አትሩጡ። በአራተኛው ቀን ዮጋ ወይም ቀላል ክላስ ግቡ፣ በሳምንቱ ቅዳሜ 5 ኪሎ ሜትር ቀስ ብላችሁ፣ 10 ሰዓት ላይ እንደተለመደው ኬክ ቤት፣ ጾም ከገባም የጾሙን።